የፌሮው ቁጥር ከየት መጣ?

ከዱባይ የግንባታ ቢሮዎች እስከ ወሎ ጅምር ቤቶች፦ ሲሚንቶና ብረትን በኤክሴል ሉህ የመገመት ሙያ

ገና ሳይነጋ የኢትሐድ ጎዳና ይጨናነቃል። አጅማንንና ሻርጃን ከዱባይ የሚያገናኘው ይህ መንገድ ጠዋት ወደ ዱባይ፣ ማታ ወደ ሻርጃ ይፈስሳል። በሻርጃና በአጅማን የቤት ኪራይ ረከስ ስለሚል፣ ዱባይ ውሎ እዚያ ማደር የብዙ ሰው ኑሮ ነው። በሠራተኛ አውቶቡሶች ውስጥ የባንግላዴሹ ፌራዮ፣ የፓኪስታኑ አናጢና የኔፓሉ የቀን ሠራተኛ መስኮት ተደግፈው የቀረቻቸውን እንቅልፍ ይሞላሉ። ከባድ መኪና በሚበዛበት በኤምሬትስ ጎዳና ደግሞ ኮንክሪት ጫኞቹ ሆዳቸውን እያዞሩ ወደየሳይታቸው ያዘግማሉ።

የጫኑት ኮንክሪት ትናንት ከሰዓት በኋላ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ካነሰ፣ ሶሌታው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሥራው ይቆማል። በዚያ ሙቀት የፈሰሰው ኮንክሪት ቶሎ ስለሚጠነክር ዘግይቶ የሚመጣው ከፊተኛው ጋር አንድ አካል አይሆንም። ቁጥሩ ከበዛ ደግሞ ገንዘብ የተከፈለበት ኮንክሪት ይደፋል።

ይህን ቁጥር የሚያወጣው ሰው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኤስቲሜተር ወይም ኳንቲቲ ሰርቬየር ይባላል። እኛ አገር ሥራው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በቢሮ ኢንጂነሩ ላይ ነው። መሣሪያቸው ግን አንድ ነው፦ ኤክሴል።

በኤምሬትስ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚሠሩት በሰው ቤት፣ በሆቴል፣ በሱቅና በጽዳት ሥራ ነው፤ ከኤስቲሜተሩ ወንበር ርቀው። ነገሩ ግን በሌላ በር ይመጣባቸዋል። በዱባይ ዴራ ካሉት የሐዋላ ቤቶች የሚላከው ዲርሃም ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ሲደርስ ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ፌሮ ይሆናል። ላኪዋ ሳይቱን በዓይኗ አታይም፤ የምታየው በስልክ የሚላክላትን ፎቶና የሚነገራትን ቁጥር ነው። ዱባይ ላይ ማማ የሚያቆም ተቋራጭም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ አራት ክፍል ቤት የምታሠራ እህት የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፦ ከየት እንደመጣ ሊጠየቅ የሚችል ቁጥር።

አንድ ሶሌታ፣ አንድ መስመር

10 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ሊሞላ ነው እንበል። መጠን ከፕላን ላይ በሚለቀምበት፣ ቴክ ኦፍ በሚባለው ሉህ ላይ ይህ አንድ መስመር ነው፦ የሥራው ስም፣ ብዛት፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ ውጤት። በውጤቱ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው «አራቱን አባዛ» የሚል ትእዛዝ ነው። 1 × 10 × 8 × 0.15 ተባዝቶ 12 ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ነገ መሐንዲሱ ውፍረቱን 18 ሳንቲ ቢያደርገው የሚነካው ሳጥን አንድ ብቻ ነው። ኮንክሪቱ በራሱ 14.4 ይሆናል፤ ከእርሱ የሚወጡት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠርም ተከትለው ይጨምራሉ።

ይህ በራሱ የሚታደስ ሉህ ዛሬ ተራ ቢመስልም ለግል ኮምፒውተር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዳን ብሪክሊን የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ መምህር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር በለወጠ ቁጥር የተቀረውን ሁሉ እያጠፋ እንደ አዲስ ሲጽፍ ያይ ነበር። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ ለአፕል 2 ኮምፒውተር ቪዚካልክ የተባለውን ሉህ ሠራ። ኤክሴል የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1985 ነው። በዚያው በ1979 የብሪታንያው የቻርተርድ ሰርቬየሮች ተቋም ለዓለም አቀፍ ሥራዎች የሚሆን የልኬት መመሪያ አወጣ። ባለሙያዎቹ ባጭሩ ፖሚ የሚሉት ይህ መመሪያ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግንባታ ውሎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። አንዱ የሚሰላበትን ሉህ፣ ሌላው የሚለካበትን ሕግ በአንድ ዓመት ሰጡ።

ከ12 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ወደ ኩንታል ሲሚንቶ የሚወስደው መንገድም አጭር ነው። በአገራችን ሳይት በተለመደው አንድ ለሁለት ለሦስት ቅልቅል እንሂድ። ደረቅ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ውሃ ነክቷቸው ሲታሹ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ስለሚሞላ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለ1 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት 1.54 ሜትር ኪዩብ ደረቅ ዕቃ ይታሰባል። 1.54 ለስድስት እጅ ሲካፈል አንዱ እጅ 0.257 ይሆናል። ሜትር ኪዩቡ በ1440 ኪሎ ሲታሰብ ሲሚንቶው ወደ 370 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህም 3.7 ኩንታል ነው። አሸዋው 0.51፣ ጠጠሩ 0.77 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል።

ለሶሌታችን 5 በመቶ ብክነት ከተጨመረ ኮንክሪቱ 12.6 ይሆናል፤ ሲሚንቶው 93.1 ከረጢት ይወጣል። ከረጢት ተቆርጦ አይሸጥምና ራውንድአፕ የሚባለው ቀመር ወደ 94 ያነሣዋል፤ 47 ኩንታል ማለት ነው። ልምድ ያለው ሰው ይህን 5 በመቶ በቀመሩ ሆድ ውስጥ አይቀብረውም። በሉሁ አናት ላይ «ብክነት» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ሳጥኖች ሁሉ ወደ እርሱ ይመለከታሉ። ብክነቱ 5 ነው ወይስ 10 ብሎ መከራከር የሚቻለው ቁጥሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው።

69 ወይስ 92?

የብረት ስሌት የሚያምር ቀመር አለው። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስደህ በራሱ አባዛው፤ ለ162 አካፍለው፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 10 ፌሮ 0.617፣ ባለ 12 ፌሮ 0.889፣ ባለ 16 ፌሮ 1.58 ኪሎ ይመዝናል። 162 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ የክብ ስፋትና የብረት ክብደት፣ ማለትም በሜትር ኪዩብ 7850 ኪሎ፣ ሲቀናጁ የሚወጣ ነው። ሉሁ ላይ አንዴ ከተጻፈ የመቶ መስመር ፌሮን በአንድ ጊዜ ወደ ኪሎ ይለውጣል።

በዚያው ሶሌታ ላይ ባለ 10 ፌሮ በየ20 ሳንቲው፣ በአንድ ንጣፍ፣ ወዲህና ወዲያ ይዘርጋ። የ10 ሜትሩ ጎን ለ0.20 ሲካፈል 50 ክፍተት ይሰጣል፤ በመጨረሻው ጫፍ ላይ አንድ ስለሚጨመር ፌሮው 51 ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 8 ሜትር ነው። በሌላው አቅጣጫ ባለ 10 ሜትር 41 ፌሮ ይወጣል። አንዱን መጨመር መርሳት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ጠቅላላው 818 ሜትር፣ 505 ኪሎ ነው። ፌሮ ባለ 12 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ ሉሁ 818ን ለ12 ያካፍልና 69 ፌሮ ግዛ ይላል።

እዚህ ላይ ሉሁ ሳያውቅ ይሳሳታል። ከ12 ሜትሩ 8 ሲቆረጥ 4 ሜትር ይተርፋል፤ 10 ሲቆረጥ 2 ሜትር ይተርፋል። ሁለት ባለ 4 ሜትር ቁራጭ አገናኝቶ ባለ 8 ማውጣት አይቻልም፤ ፌሮ ሲቀጣጠል ጫፍና ጫፉ ይደራረባል፤ ድርቡ የውፍረቱን 50 እጥፍ ከወሰደ ግማሽ ሜትር ይበላል። እያንዳንዱ ፌሮ ያለ ቅጥያ በወጥ ብረት ይሁን ከተባለ የሚያስፈልገው 51 እና 41 ተደምሮ 92 ነው። በ69 እና በ92 መካከል ያለው ልዩነት ከ170 ኪሎ በላይ ብረት ነው።

ጎበዝ ፌራዮ ቁራጩን ለስታፋና ለአጫጭር ፌሮ እያዋለ፣ የተፈቀደውን ቅጥያ እያሰላ 92ን ይቀንሰዋል፤ ወደ 69 ግን አይደርስም። ለዚህ ነው የሻርጃም ሆነ የአዲስ አበባ ልምድ ያለው የቢሮ ሰው የፌሮ ሉሁን በጠቅላላ ርዝመት የማይዘጋው። ለእያንዳንዱ ቁመት ከአንድ 12 ሜትር ስንት እንደሚወጣና ምን እንደሚተርፍ የሚያሳዩ ሁለት ዓምዶች ይጨምራል። ባለቤቷም «ሉሁ 69 ይላል፤ እናንተ 80 ገዛችሁ» ብላ ከመቆጣቷ በፊት እነዚህን ዓምዶች ልታያቸው ይገባል።

ብሎኬት ሲመጣ ነገሩ ይቀላል። የብሎኬት ፊት ከነማያያዣ ሞርታሩ 40 በ20 ሳንቲ ነው፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ይገባል። 10 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 30 ካሬ ነው። በሩና መስኮቱ በመቀነስ ምልክት ራሳቸውን ችለው በመስመር በመስመር ይገባሉ፦ 0.9 በ2.1 እና 1.5 በ1.2። የሚቀረው 26.31 ካሬ ከነብክነቱ 346 ብሎኬት ይፈልጋል። መቀነሻዎቹ ቢዘነጉ 394 ይሆን ነበር። ለአንድ ግድግዳ 48 ብሎኬት መሆኑ ነው።

በረሃ ላይ አሸዋ መግዛት

ለዱባይ እንግዳ ከሚገርሙት ነገሮች አንዱ በአሸዋ የተከበበ ከተማ ለኮንክሪቱ አሸዋ መግዛቱ ነው። የበረሃው አሸዋ ነፋስ ሲያንከባልለው የኖረ ስለሆነ ደቃቅና ሙልሙል ነው፤ ሲሚንቶን አጥብቆ አይዝም። ለኮንክሪት የሚሆነው የተፈጨ አሸዋና ጠጠር ከራስ አል ኻይማና ከፉጃይራ ተራሮች በመኪና ይመጣል። በባሕር ዳሩ አካባቢ መሬቱ ጨውና ሰልፌት የበዛበት በመሆኑ ከመሬት በታች ያለው ኮንክሪት ሰልፌት የሚቋቋም ቅልቅል ይሻል፤ በውሃ መከላከያም ይጠቀለላል። ሉሁ ላይ «ኮንክሪት» የሚል አንድ መስመር ስለማይበቃ ከመሬት በታችና በላይ ያለው ይለያያል። የውጭ ግድግዳ ሙቀት የሚከላከል ብሎኬት፣ የውስጡ ደግሞ ተራ ብሎኬት በሚሆንበት ሕንፃም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት መለያ ኮድ ይሰጠዋል፤ ሰምኢፍ የተባለው ቀመር በመቶ መስመሮች መካከል ኮዱን እየፈለገ ዓይነቱን ለየብቻ ይደምራል።

ሙቀቱም በሒሳብ ውስጥ ይገባል። ብዙ ውሎች ኮንክሪቱ ሲፈስ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ እንዳያልፍ ስለሚያዝዙ በሞቃቱ ወራት ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፤ ለውሃው በረዶ ይጨመራል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። የሠራተኛ ቀን የሚገምተው ሉህ እነዚህን ሰዓታት ካልቀነሰ ብዛቱ ልክ ሆኖ ጊዜው ይሳሳታል።

ቀመሩ ግን ትንሽና ትልቅ አያውቅም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኻሊፋ በ192 የኮንክሪት ፓይሎች ላይ ቆሟል። እያንዳንዱ 1.5 ሜትር ውፍረትና 43 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የክቡ ስፋት በርዝመቱ ሲባዛ አንዱ ፓይል 76 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ 192ቱ 14,590 ገደማ። 10 ሜትር ኪዩብ በሚጭን መኪና ወደ 1,460 ምልልስ ነው። በላያቸው የተነጠፈው 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው መሠረት 12,500 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ወስዷል። ይህን ስሌት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ባለሙያውን ባለሙያ የሚያደርገው ምንም መስመር ሳይረሳና ሳይደግም ሺህ መስመር መያዙ ነው።

መጠኑ አንድ ጊዜ፣ ዋጋው በየቀኑ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዲርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ እርሱም አብሮ ወጣ። ሻርጃ ሆኖ ቤት የሚያሠራ ሰው በዚያ ሰሞን የሚልከው ዲርሃም ብዙ ብር ሆነለት፤ የፌሮውና የሲሚንቶው ዋጋስ ባለበት ይቆያል ወይ የሚለው ደግሞ አሳሰበው።

በዚህ ጊዜ ሉሁን በወጉ የሠራ ሰው አልተደናገጠም። የሶሌታው ሲሚንቶ ከተመን ለውጡ በፊትም በኋላም 47 ኩንታል ነው። ብር ቢረክስም ቢወደድም ግድግዳው 346 ብሎኬት ይፈልጋል። ስለዚህ መጠኑ በአንድ ሉህ፣ ዋጋው በሌላ ሉህ ይቀመጣል፤ ቪሉክአፕ የሚባለው ቀመር የዕቃውን ስም ይዞ ዋጋውን ይፈልጋል። ዋጋ ሲለወጥ የሚታደሰው የዋጋው ሉህ ብቻ ነው። በኤምሬትስም በጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጀመር፣ ታክሱን ለብቻው ሳጥን መስጠት ለቻለ ቢሮ ሥራው የአንድ መስመር ጉዳይ ነበር።

በዱባይ መጠንን መሳት ከዋጋ መሳት የሚከብደው በውሉ ምክንያት ነው። የኤምሬትስ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓይነት ስምምነት ለይቷል። ውሉ በዝርዝርና በመጠን ላይ ከቆመና መጠኑ በጉልህ እንደሚበልጥ ከታወቀ፣ ተቋራጩ ለባለቤቱ ወዲያው ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ዝም ካለ የትርፉን ወጪ የመጠየቅ መብቱን ያጣል። በተሰጠው ፕላን ላይ በአንድ ድምር ዋጋ ከተስማማ ግን ጭማሪ የለም። ሁለተኛው ዓይነት በባሕረ ሰላጤው የተለመደ ስለሆነ፣ ኤስቲሜተሩ የረሳው ሶሌታ ከድርጅቱ ኪስ ይሞላል።

ሉሁ ሲዋሽ

ኤክሴል የተሳሳተውንም የተስተካከለውንም እኩል አስውቦ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ስለ መንግሥታት ዕዳ አንድ ጥናት አወጡ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሉሁን ተቀብሎ ሲመረምር፣ አማካዩን የሚያወጣው ቀመር አምስት አገሮችን ሳይጨምር ከላይ መቅረቱን አገኘ። በጥናቱ ላይ ከተነሡት ነቀፋዎች በጣም የታወቀው ይኸው ነው።

በግንባታ ቢሮ ይህ ስህተት የዘወትር ነው። ከድምሩ በታች አዲስ መስመር ይገባል፤ ድምሩ አያየውም። አንድ ሰው ቸኩሎ በቀመር ፋንታ ቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሳጥን ፕላኑ ቢለወጥም አይነቃነቅም። ሚሊ ሜትር በሜትር ዓምድ ውስጥ ይገባና ግድግዳው ሺህ እጥፍ ይወፍራል። ይህኛው እንኳ ራሱን ያጋልጣል፤ ክፉው 10 በመቶ የሚስተው ነው፤ ለዓይን ደህና ይመስላልና።

መድኃኒቱ ሌላ ቀመር አይደለም። ቁጥሩን በሌላ መንገድ ማየት ነው። ለምሳሌ ጠቅላላ ብረቱን ለጠቅላላ ኮንክሪቱ ማካፈል፤ የእኛ ሶሌታ 505 ለ12 ሲካፈል በሜትር ኪዩብ 42 ኪሎ ይሆናል። አንድ ንጣፍ ቀላል ፌሮ ብቻ ስላለው ዝቅ ያለ ነው፤ ኮለንና ቢም ሲገቡ ይጨምራል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ዓይቶ «ይህ ኮለን ፌሮ ጎድሎታል» ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ከ40 ፎቅ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች የሦስት ገጽታ ዲጂታል ሞዴል መጠየቅ ጀመረ፤ ሞዴሉ መጠኑን ራሱ ቆጥሮ ይሰጣል። ቁጥሩ ግን ወርዶ የሚፈተሸውና ዋጋ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያው ኤክሴል ላይ ነው።

«እቴ፣ ሲሚንቶ አልቋል»

ሻርጃ የምትሠራ እህትና ኮምቦልቻ ላይ ሥራውን የሚከታተል ወንድሟን እናስብ። ማታ ይደውላል፦ «እቴ፣ ሲሚንቶ አልቋል። ትንሽ ነገር ላኪልን።» ባለፈው ወርም እንዲሁ ብሏል። እሷ የምታውቀው የላከችውን ብቻ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ሳይት ላይ የቀረውን ብቻ። በመካከላቸው ጥርጣሬ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስንት ቤተሰብ በአንድ ቤት መሠረት ላይ ተቃቅሯል!

በሁለቱ ስልክ ላይ አንድ የጋራ ሉህ ቢኖር ንግግሩ ይለወጣል። ያስፈልጋል፣ ተገዛ፣ ሳይት ገባ፣ ዋለ፣ ቀረ፤ አምስት ዓምዶች ይበቃሉ። ሲሚንቶው ከተባለው በላይ ከሄደ የትኛው ሥራ እንደወሰደው ይታያል። ወንድሟንም ያድነዋል። የመሠረቱ ጥልቀት በፕላኑ 1.5 ሜትር ተብሎ፣ ቁፋሮው ላይ ጥቁር አፈር አጋጥሞ 2.2 ከገባ፣ 40 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ወርድ ያለው የድንጋይ ግንብ በ16.8 ሜትር ኪዩብ ይጨምራል። ሲሚንቶው የገባው እዚያ ነው። በቃል ሲነገር ማመካኛ የሚመስለው ነገር፣ ጥልቀቱ በሳጥኑ ሲለወጥ ስሌት ይሆናል፤ ሜትር ዘርግቶ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ይከተላል። «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ይከስሳል። «ጥልቀቱ ስንት ተለካ?» የሚለው ግን ጉድጓዱን ያስለካል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ከመላኩ በፊት ለአንድ የቢሮ ኢንጂነር ከፍሎ ቴክ ኦፍ ማሠራት፣ ኋላ ከሚባክነው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው። ሲረከቡ ደግሞ በፒዲኤፍ ወይም በወረቀት ፎቶ እሺ አለማለት ይገባል፤ በዚያ ውስጥ ቁጥሩ አለ፣ ቀመሩ ግን ቀርቷል። ኤክሴል ፋይሉን ራሱን ይጠይቁ። ከዚያ አንድ ሳጥን ነክተው የግድግዳውን ከፍታ ከ3 ሜትር ወደ 2.8 ይለውጡት። ብሎኬቱ አብሮ ካልቀነሰ፣ የተረከቡት ግምት ሳይሆን በሠንጠረዥ የተጻፈ ወሬ ነው፤ ሠሪው ዘንድ መልሰው ይላኩት።